በዮዲት ስክሪን ላይ የሰጠሁት አስተያየት

ሐረር፣ ሸዋ በር
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላሳደግኋት ልጄ፣ ለዮዲት ሀብተወልድ፤

ደህና መሆንሽን የምሰማው ከሰው ነው። እኔ ስደውል ስልክሽ ሰባት ጊዜ ይጠራና ይቆማል። ቆጥሬዋለሁ፤ ሁልጊዜ ሰባት ነው። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩ። አብሮሽ የተማረው ኤርሚያስ በወሩ መጨረሻ ለሥልጠና ወደ ታይዋን ስለሚመጣ ፖስታውን እሱ ያደርስልሻል።

"አልቀበልም ብትለኝስ ጋሼ?" አለኝ።

"ጠረጴዛዋ ላይ ጥለህ ውጣ" አልኩት።

"እስከ ጠረጴዛዋ ካስገባችኝማ ተቀበለች ማለት ነው" አለኝና ሳቀ። ልጁ ኤሌክትሮኒክስ ሳስተምረው እንዲህ ፈጣን አልነበረም።

እኔ አለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ሲወጣ ይቆጣል እንጂ ሌላው ደህና ነው። ኮሌጁ ውስጥ አሁንም አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቹ አሁንም ከስልክ ይገለብጣሉ፤ ባለፈው ሳምንት አስራ አንድ ተማሪ አንድ ዓይነት ስሕተት ጽፎ አመጣልኝ፤ ለአስራ አንዱም ዜሮ ሰጠሁ። ዲኑ ጠርቶኝ "እንደሻው፣ ትንሽ ለስለስ በል" አለኝ። ስሕተቱን ራሱ እንዲያገኘው ወረቀቱን ሰጠሁት። አላገኘውም። እንዲህ ነው የምንኖረው።

እማሽ ካረፈች አምስት ወር ከአስራ ሁለት ቀን ሆነ፤ ጳጉሜን ሳልቆጥር። ለሱመያ ደውለሽ እንዳለቀስሽ አውቃለሁ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ስልኩን ወደ ጆሮዬ ልታስጠጋው ስትል መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች። ኔትወርክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሙያዬ ነው።

የእማሽ የተናኘወርቅ ሱቅ እንደተወችው አለ። በርበሬውንና ምስሩን ለመድኃኔዓለም ዝክር ሰጠሁት፤ መደርደሪያዎቹን ግን አልነካሁም። ከሱቁ የወጣ ነገር ቢኖር ስክሪኑ ፀሐይ ላይም እንዲነበብ አድርገሽ የሠራሽው ሚዛን ብቻ ነው። እሱም ሩቅ አልሄደም፤ በሩ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጠው ሱመያ ወስዳዋለች። እማሽ በታመመች ጊዜ "ሚዛኑን ለሱመያ ስጣት፤ አንተ ጋ ከቀረ ትፈታታዋለህ" አለችኝ። በመጨረሻዎቹ ወራት ከነገረችኝ ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከእኔ ጋር የምታወራው ስለ ውኃና ስለ መድኃኒት ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ዙሪያውን መሄድ አልችልበትም፤ ታውቂያለሽ።

በጥቅምት አጋማሽ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣልኝ። ለሚዛንሽ ስክሪን ያቀረብሽው የፈጠራ ፓተንት ማመልከቻ ውድቅ ሲሆን ይግባኝ ማለትሽን አላውቅም ነበር። ይግባኙን የሚያዩት ሰዎች፣ ከሁለት ዓመት በፊት የሰጠሁትን የባለሙያ አስተያየት አጸናው እንደሆነና እንዳልሆነ እስከ ታኅሣሥ 20 በጽሑፍ እንዳሳውቅ ጠየቁኝ። ከደብዳቤው ጋር የይግባኝ ጽሑፍሽ ተያይዟል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ነገር ስፈልግ ነበር፤ አላገኘሁትም።

የፈለግኩት፣ "ይህ ባለሙያ አጎቴ ነው፤ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ዝምድናውን ደብቆ ነው የፈረደብኝ" የሚል መስመር ነው። ያንን አንድ መስመር ብትጽፊ ኖሮ አስተያየቴ ያኔውኑ ይወድቅ ነበር። ሌላ ክርክር አያስፈልግሽም ነበር። አልጻፍሽውም። አራት ገጽ ሙሉ ስለ ብርሃንና ስለ መስተዋት ብቻ ተከራክረሻል።

ለእኔ ብለሽ ነው? ወይስ ስለ ዝምድናችን የጻፍኩትን እንዳለ ተቀብለሽው ነው? ይህን ማወቅ እፈልጋለሁ፤ መጠየቅ መብቴ ባይሆንም።

ፋይሉ መጀመሪያ በእጄ የገባበትን ቀን በትክክል ልንገርሽ፤ ማንም ነግሮሽ አያውቅምና። ኮሌጁ ውስጥ ነበርኩ። የመርማሪው ደብዳቤ "በዘርፉ እውቀት ካላቸው ባለሙያዎች አንዱ ስለሆኑ" ይላል። ከፈትኩት፤ የአመልካች ስም፣ ዮዲት ሀብተወልድ። አባትሽ ባድመ ቀርቶ፣ የወለደችሽ እኅቴ ፍሬሕይወትም ተከትላው ስታርፍ በአምስት ዓመትሽ ቤቴ ገባሽ እንጂ ስምሽን አልቀየርኩም። የአባትሽ ስም እንዲኖር ብዬ ነበር። እና በፋይሉ ላይ እኔን ከአንቺ ጋር የሚያገናኝ አንድም ፊደል አልነበረም።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ "ከአመልካቹ ጋር ያለዎት ዝምድና" የሚል መስመር አለ። አለኝ ብል ፋይሉ ለሌላ ሰው ይሄዳል። ያ ሌላ ሰው አይገባውም ብዬ አሰብኩ። በዚህ አገር ስለ ስክሪን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል አልኩ። እናም ጻፍኩ፦ "የለኝም።"

ያንን ከጻፍኩ በኋላ ለአንቺ መፍረድ የምችል አልነበርኩም። አንድ ቀን ዝምድናው ቢታወቅ "ለልጁ አዳላ" እንዳይባል፣ ሥራሽ ከሌላው ሁሉ እጥፍ የጸዳ ሆኖ መገኘት ነበረበት። አስራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ ሳስተምርሽ ያደረግኩትን ታስታውሻለሽ። የመለኪያ አሃድ አልጻፍሽም ብዬ አራት ነጥብ ቆረጥኩብሽ፤ አጠገብሽ የተቀመጠውም አልጻፈም፤ የእሱን አለፍኩት። በከተማችን ልጁን ክፍል ውስጥ ያስተማረ አስተማሪ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ በመምህራን ክፍል እየተኩራራን እንነጋገርበት ነበር። እማሽ ያኔ ወረቀትሽን አየችና "ከሰው ልጅ አሳንሰሃት አላዳላሁም ትላለህ?" አለችኝ። ያኔ ጥያቄው አልገባኝም።

እና ሦስት ገጽ ጻፍኩ። የውጭ ብርሃን የሚመልስ መስተዋት ያለው ስክሪን ከካልኩሌተር ዘመን ጀምሮ አለ፤ ከጀርባው መብራት ያለው ስክሪን በየሞባይሉ አለ፤ በዘርፉ መካከለኛ ሥልጠና ያለው ማንኛውም ሰው ሁለቱን ያጣምራቸው ነበር፤ ስለዚህ አዲስ ፈጠራ አይደለም፣ ግልጽ የሆነ ማጣመር ነው አልኩ። ፊርማዬን አኖርኩ። ያ ቀን ራሴን የማከብርበት ቀን ነበር። እንዲህ ብዬ መጻፌ ያሳፍረኛል፤ ግን እውነቱ እሱ ነው።

ከዚያ የሆነውን አንቺ ታውቂዋለሽ። የአስተያየቱን ግልባጭ ይዘሽ መጣሽ። ሥራሽን ባጣጣልኩበት ገጽ ላይ ትቆጪያለሽ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ መከራከሪያዬ ሁሉ ዝግጁ ነበር። አንቺ ግን የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠሽ ጣትሽን "የለኝም" የሚለው ላይ አኖርሽ።

"ጋሼ፣ ይሄ የእጅ ጽሑፍ ያንተ ነው?" አልሽኝ።

"ሕጉ ነው፤ ተረጂኝ" አልኩሽ።

"እሺ" አልሽ። "ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

አንቱታ በማይታወቅበት ከተማ፣ ትንሽ ትልቁ አንተ አንቺ በሚባባልበት፣ አንተ እያልሽኝ ያደግሽ ልጅ እርስዎ አልሽኝ። እማሽ ከጓዳ ሰማችና እጇን በጨርቅ እየጠረገች ወጣች። አንቺ ግን ሄደሽ ነበር።

ደብዳቤው በጥቅምት ሲመጣ የመጀመሪያ ሐሳቤ ማጽናት ነበር። ይህንንም አልደብቅሽም። እንዲያውም ተናድጄ ነበር፤ በይግባኝሽ ውስጥ "ባለሙያው መልሱን ካዩ በኋላ ጥያቄውን ቀላል ብለውታል" ብለሽ ጽፈሻል። ማንን ነው የምታስተምሪው አልኩ። የበለጠ አጠናክሬ ልጽፍ ብዬ ሚዛኑን እንደገና ለመመርመር ወደ ሱመያ ወረድኩ።

እኩለ ቀን ነበር፤ ፀሐዩ ሱቁ ደጃፍ ላይ ሙሉ ለሙሉ ወድቋል። ሱመያ ቲማቲም ትመዝናለች። ከጎኗ የምትሸጠው ሌላዋ ሴት ተራ ዲጂታል ሚዛን አላት፤ በአንድ እጇ ሽንኩርት ይዛ በሌላው ስክሪኑን ትጋርዳለች፤ ገዢዋ ደግሞ አንገቷን አጥፋ በጣቶቿ መካከል ለማየት ትታገላለች። "ከፍ አድርጊው እንጂ፣ አላየሁም!" "ከፍ ካደረግኩት እኔም አላየውም!" ይባባላሉ። ሱመያ ግን አትጋርድም፤ ቁጥሩ ጥቁር ሆኖ ከነፀሐዩ ይነበባል።

"ዛሬ ምን ልትሰርቅ መጣህ እንደሻው?" አለችኝ። ሱመያ ታውቂያታለሽ።

"ሚዛኑን ለአንድ ሰዓት ስጪኝ።"

"እዚሁ እየው። ተናኘ ነፍሷን ይማርና፣ ከዓይንሽ እንዳታርቂው ብላኛለች።"

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከዚያ ሱቁ ጨለማ ውስጥ አስገባሁት፤ ወዲያው መብራቱ በራ፤ ጥቁር የነበረው ቁጥር ራሱ ብርሃን ሆነ። መልሼ አወጣሁት፤ ጠቆረ። አስገባሁት፤ በራ። ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላውቅም።

"እግርህ እስኪቀጥን ልትመላለስበት ነው?" አለች ሱመያ።

"ቀላል ነገር ነው" አልኳት። "ማንም የሚያስበው።"

ቲማቲሙን አስቀመጠች። "እኔ ከዚህ በር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ" አለች። "እጄን እንደ ጣሪያ ዘርግቼ ቁጥር ሳነብ ስታየኝ ኖረሃል። ከሚስትህ ጋር ስንቴ በግራም ተጣልተን ስታስታርቀን ኖረሃል። የተማርክ ነህ ይባላል። ቀላል ከሆነ ታዲያ አንተ ለምን አልሠራኸውም ወላሂ?"

"ሥራ ነበረብኝ" አልኩ።

"እሷስ ትምህርት አልነበረባትም?"

ጥዬያት ሄድኩ። ዮዲ፣ ልጽፍልሽ የፈለግኩት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው፤ እስካሁን ያለው ሁሉ ማዘግየት ነው።

ወደ ቤት የሄድኩት ሱመያን ለማሳፈር ነው። እኔም አስቤው እንደነበር ትዝ አለኝ። ከዓመታት በፊት በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ሞክሬው ነበር፤ ማስታወሻ ይዣለሁ፤ ያንን ካገኘሁ፣ አንድ ተራ የሐረር መሐንዲስ ካንቺ በፊት አስቦት ከነበረ፣ ግልጽ ነበር ማለት ነው፤ ክርክሩ አለቀ። ደብተሩን አገኘሁት። ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ የ2004 ዓ.ም. ነው። ገጽ 41።

የእኔ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ "መስተዋቱም መብራቱም ከስክሪኑ ጀርባ አንድ ቦታ ይፈልጋሉ። መስተዋቱ ቢበሳ እንኳ ቁጥሩ ጥቁር ስለሆነ የሚያበራው ዙሪያው እንጂ ቁጥሩ አይደለም፤ መስተዋቱም ይበላሻል። አይሆንም። ተዘግቷል።" ያኔ የሞከርኩባቸው የካልኩሌተር ስክሪንና የሞባይል መብራት እስከ ዛሬ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተዋል። አስራ ሦስት ዓመት።

ከሥሩ በእርሳስ የተጻፈ አለ። የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ "ቀ" ፊደልሽ ያኔም አንገቷ ረጅም ነበር። "ቀዳዳው ከቁጥሩ ጀርባ ብቻ ቢሆንና፣ መብራቱ ሲበራ የተዘጋው ቢከፈት፣ የተከፈተው ቢዘጋስ?"

ከእሱም ሥር በቀይ እስክሪብቶ፣ ፈተና በማርምበት፣ የእኔ መልስ፦ "ከንቱ። ወደ ጥናትሽ።"

ቁጭ አልኩ። ከዚያ የአስተያየቴን ቅጂ አወጣሁና ሦስቱን ገጾች ከደብተሩ ጎን ዘረጋሁ። ጥቁሩንና ብርሃኑን ስለ መገልበጡ የጻፍኩት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ "ይህ ተራ የሽቦ ሥራ ነው።" አንዱ ወረቀት ላይ ከንቱ ያልኩትን ሌላው ወረቀት ላይ ማንም የሚያውቀው ነው ብያለሁ። ሁለቱም ወረቀት ላይ ቃሉ የእኔ ነው። ሁለቱንም ጊዜ እርግጠኛ ነበርኩ።

ሕጉ የሚጠይቀው በዘርፉ መካከለኛ ሥልጠና ያለው ሰው፣ ያሉትን ሁለት ነገሮች በእጁ ይዞ፣ ሦስተኛው ይታየው ነበር ወይ ነው። ያንን ሰው በሐሳብ መፍጠር አያስፈልግም። ሁለቱን ነገሮች በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ይዞ አስራ ሦስት ዓመት የተቀመጠ፣ በየቀኑ የሚዛን ጠብ የሚያስታርቅ፣ መልሱን በእርሳስ ተጽፎ አይቶ ከንቱ ያለ ሰው አለ። ያ ሰው እኔ ነኝ። አልታየኝም። ስለዚህ ግልጽ አልነበረም።

ይህንን ነው አሁን የጻፍኩት። እንደ መጀመሪያው ሦስት ገጽ አይደለም፤ ከቅጹ ሌላ አንድ ገጽ ነው፤ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። የገጽ 41 ፎቶ ኮፒም አለ፤ ዋናው ደብተር እኔ ጋ ነው፤ አዲስ አበባ ሲጠሩኝ በእጄ ይዤው እቀርባለሁ። ዝምድናውን እንደደበቅኩም ጽፌያለሁ። ኮሌጁ ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ለአስራ አንድ ተማሪ ዜሮ የሰጠ ሰው የራሱን ሲቀበል ማጉረምረም የለበትም።

አንድ ነገር ግን ትጠይቂኛለሽ፤ አውቅሻለሁ። ፋይሉ በእጄ ሲገባ ገጽ 41 ትዝ ብሎኝ ነበር ወይ?

ረስቼው ነበር ብዬ ይህንን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀመርኩት። አራቱንም ቀደድኳቸው።

ተናኘወርቅ ከማረፏ ከሦስት ቀን በፊት ትራሷን ላስተካክል ስል እጄን ያዘችኝ። "እንደሻው፣ አንተ ልጅቷ እንድትበልጥህ ነበር የለፋኸው" አለችኝ። "ስትበልጥህ ጊዜ ምን ነካህ?" ውኃ ላምጣልሽ ብዬ ወጣሁ። ኩሽና ውስጥ ብዙ ቆየሁ። ስመለስ ተኝታለች፤ ጥያቄውን አልደገመችውም።

ሌላ ወሬ የለኝም። የሱቁን በር ቀለም አስቀብቼዋለሁ፤ ያው አረንጓዴ ነው። እዚያ ፋብሪካ ውስጥ የሰው ስክሪን ላይ የማይበራ የሞተ ነጥብ የምትፈልጊ መሆኑን ኤርሚያስ ነገረኝ። ዓይንሽን ጠብቂ። በየሃያ ደቂቃው ራቅ ያለ ነገር ተመልከቺ፤ ይህንን እንደ አስተማሪ ነው የምልሽ፤ እንደ ሌላ ነገር ለመምከር አሁን ፈቃድ የለኝም። ሱመያ "ያቺን ልጅ አላህ ይጠብቃት፤ አንተን ግን ትንሽ ቆይቶ" ብላለች፤ እንደነገረችኝ ጻፍኩልሽ።

ወረቀቱ ከታኅሣሥ 15 በፊት ፈርመሽበት እንዲመለስ ያስፈልጋል፤ ይግባኙ ያንቺ ስለሆነ ያለ አንቺ ፊርማ ከፋይሉ ጋር አይያያዝም። ከፈለግሽ አንድ ቃል ጨምረሽ ላኪልኝ። ስድብም ቢሆን፤ ብቻ አንተ ብለሽ ስደቢኝ።

መድኃኔዓለም ከባዕድ ሰው ክፋት ይሰውርሽ፤ ከቤት ሰው ክፋት ሊሰውርሽ አልቻለምና ከዚያኛው እንኳ ያድንሽ። እጅሽ የነካው ሥራ ሁሉ ይብራ፤ በፀሐይም በጥላም። እማሽ ብትኖር የምትመርቅሽን እኔ አላውቅበትም፤ እሷ የምትለውን ሁሉ እንዳልኩ ቁጠሪልኝ።

ስትፈርሚ የመጀመሪያውን ገጽ እዪው። ቅጹ ያው የድሮው ቅጽ ነው፤ "ከአመልካቹ ጋር ያለዎት ዝምድና" የሚለው መስመር አሁንም አለ። ሌላውን ሁሉ እኔ ሞልቼዋለሁ። ያንን ባዶ ትቼዋለሁ። እኔ አንዴ ጽፌበት ተሳስቻለሁ፤ አሁን አንቺ ሙዪው። የምትጽፊው ምንም ይሁን፣ ሳላርም እፈርማለሁ።

እንደሻው